የቀትሩ መርፌ

«አንድም ቀን አልፎኝ አያውቅም!» አለ አባቷ ቤት ለመጣችው እንግዳ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፤ መርፌዬን እንደ ሰዓት ነው የምወጋው።»

ፌንጣ ከበሩ ጀርባ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች። ሰፈርተኛው ይህን ቅጽል ስም ያወጣላት አንድ ቦታ አልቀመጥ ስለምትል ነው፤ አሁን ግን እግሮቿ አልላወስ አሏት። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የስኳር በሽታ ከያዘው ቆይቷል። ባለፈው ሳምንት ቁልፍ ልትወስድ ወደ ሱቁ ጎራ ስትል፣ የቀትሩን ኢንሱሊን ሳይወጋ ምሳውን ጨርሶ አገኘችው። «ደንበኛ ፊት ሸሚዜን ገልቤ ሆዴን ልውጋ እንዴ? ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ብሏት ነበር። እግሩ ላይ የወጣው ቁስል ደግሞ አልድን ብሎ ከርሟል።

እንግዳዋ ነርስ ናት፤ ከስኳር በሽታ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ኑሯቸውን እንዴት እንደሚገፉ ታጠናለች። አባትየውን ጠይቃ ስትጨርስ፣ እሱን አስፈቅዳ ፌንጣን ለብቻዋ አነጋገረቻት።

«የቤተሰቡን ኑሮም ማወቅ እፈልጋለሁ» አለቻት። «የምትነግሪኝን ለአባትሽ አልነግረውም። ያልፈለግሽውን ጥያቄ መተው ትችያለሽ።»

ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ለነርሷ ብቻ ብትነግራት ይቀላታል። ግን ለጥናቱ ቢበጅ ለአባቷ እግር ምን ይፈይዳል? እሱን ከጀርባው ማማቱም ደስ አላላትም።

«አባዬ ባለበት ብናገር ይሻለኛል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ» አለችና ተነስታ ጠራችው።

አባቷ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገባ። «ምነው፣ ሐሜቱ አለቀ?»

«አባዬ፣ ቀትር ላይ እኮ አትወጋም።» አለችው ዓይን ዓይኑን እያየች። «ትንፍሽ እንዳትዪ ስትለኝ ዝም አልኩ። ቁስልህን ባየሁ ቁጥር ግን እፈራለሁ። ከእንግዲህ ዝም ማለት አልችልም።»

አባቷ ነርሷን አየ፤ ጣሪያውን አየ፤ በመጨረሻ ልጁን አየ።

«እኔ ነኝ ፀጉር አስተካካይ ስል፣ ይቺ ልጅ በደረቁ ላጨችኝ!»

ነርሷ ሳቀች። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አፍሬ ነው። ሱቄ ውስጥ በሽተኛ ተብዬ መታየት አልፈልግም።»

«እንዲህ ያሉኝ እርስዎ ብቻ አይደሉም» አለች ነርሷ። ጎንበስ ብላ ቁስሉን አየች፤ ነገ ዛሬ ሳይል፣ በማግስቱ ማለዳ ክሊኒክ እንዲሄድ አጥብቃ ነገረችው።

«እሄዳለሁ። ሱቁ ጥግ ላይም መጋረጃ እሰቅላለሁ» አለ። ወደ ፌንጣ ዞሮ፣ «ካላመንሽኝ ቀትር ቀትር እየመጣሽ እዪኝ» አላት።

«አልመጣም። እኔ ልጅህ እንጂ ዘበኛህ አይደለሁም።»

ክሊኒክ ሄዶ ቁስሉ መታከም በጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ የትምህርት ቤቱ የምሳ ደወል ሲደወል እግሯ ሳታስበው ወደ ሱቁ ወሰዳት። ጥቂት ብትራመድ በመስኮቱ መስታወት የሱቁ ውስጥ ይታያል። ቆመች። ከሜዳው ጓደኞቿ «ፌንጢ! ሰው ጎድሎናል!» እያሉ ይጮኻሉ።

ፊቷን መለሰችና ወደ ሜዳው ሮጠች።