ቁልፉ በእጄ ሆኖ ያልጠፋው ሞተር

እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፣ ድሮም አላመንኩም፣ አክስቴ የሌሊት ወፍ ጮኸ ብላ ስታማትብ እየሳቅሁባት ነው ያደግሁት። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ የቀረውን ያስተማረኝ ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ ያለምክንያት ድምፅ አያሰማም፤ ከተንኳኳ የላላ አለ፣ ካፏጨ የተቀደደ አለ፣ ፈልገህ ታገኘዋለህ። ይህችን አንዲት ነገር ግን ይኸው እስከ እርጅናዬ ፈልጌ አላገኘኋትም። እንደ ወዳጅ ነው የማወራህ፣ ባታምነኝም አልቀየምህም።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ያ ክፉው ጊዜ፣ ደጅ ላይ መኪና ሲቆም ቤተሰቡ ሁሉ ትንፋሹን የሚውጥበት። ልደታ፣ ወደ ሰንጋ ተራ ሲኬድ ገባ ብሎ ካለ ጋራዥ እሠራ ነበር። ጋሽ መንገሻ የሚባሉ ሹፌር ነበሩ፣ ከአርሲ ስንዴ የሚያመላልሱ፣ መኪናቸው በቤንዚን የሚሠራ አሮጌ የጭነት መኪና ነው፣ ይህች መኪና ታዲያ ሚኒሞዋ ያነክሳል። ሚኒሞ የምንለው መኪናው ቆሞ፣ ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ ቀስ እያለ የሚሠራውን ነው። የእሳቸው ሦስት ጊዜ ዱክ ዱክ ዱክ ይልና አንዱን ይዘላል፣ ከዚያ እንደ ሽማግሌ እህ ብሎ ይስላል፣ እንደገና ዱክ ዱክ ዱክ። ጥፋቱን ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ፤ ሞተር ከሆዱ የሚወጣውን እንፋሎት መልሶ የሚስብባት ጣት የምታክል የመተንፈሻ ቫልቭ አለችው፣ እሷ ቆሽሻ እንደተከፈተች ቀርታ ያለልክ አየር ታስገባለች። መቀየሩ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ እሳቸው ግን እምቢ። የጋራዡ ልጆች "ጋሼ፣ መኪናዎን እኮ አስም ይዟታል" እያሉ ሲቀልዱባቸው፣ "ተዉዋት፣ ከእኔ ጋር አርጅታ ነው፣ እናንተም ትደርሱበታላችሁ" ብለው ያልፉታል።

አንድ የክረምት ቀን ለፍሬን አመጧት። ፊታቸው ልክ አልነበረም። ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊቀርቡ ኖሯል፣ ይህን ጆሮዬ ሥር ነው የነገሩኝ። ፍሬኑን ሠርቼ ሳይመሽ መኪናዋን ቤታቸው እንዳደርስላቸው አደራ አሉኝ፣ ጥቂት እንደሄዱ ተመለሱና ክንዴን ያዙኝ።

"ሞተሯን ግን እንዳትነካት" አሉኝ።

ለምን አላልኩም፣ በዚያን ጊዜ ለምን አይባልም።

እመነኝ፣ ክፋት አላሰብኩም። የተጨነቀ ሰው ነው፣ ሲመለስ ደስ ይበለው ብዬ ነው። ከአንድ የተጣለ ሞተር ላይ አውጥቼ ያስቀመጥኳት ደህና ቫልቭ ነበረችኝ፣ አጠብኳት፣ ነቀነቅኳት፣ ውስጧ ቋ ቋ ሲል ሰማሁ፣ ደህና ቫልቭ እንዲያ ነው የምትለው፣ በአሮጌዋ ቦታ ገጠምኳት። ሞተሩን ሳስነሳው እንደ ስፌት መኪና ሆነ፣ አንድ አይዘል፣ አንድ አይስል። ለራሴ ጎሽ አልኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝናቡ እየወረደ ነዳኋት። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ነው። ከግቢያቸው ጀርባ ባለችው መንገድ ሳልፍ ጠመንጃ የያዙ ሦስት የቀበሌ ጥበቃዎች ከአጥሩ ሥር ዝናብ ተጠልለው አየሁ፣ እጅ ነሥቼ አለፍኩ፣ ዞሬ በሩ ላይ ቆምኩ። ጋሼ እንደሚያደርጉት ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ጥሩምባም ሳልነፋ በሩ እስኪከፈት ጠበቅሁ።

አልተከፈተም። ውስጥ ሳህን የሚመስል ነገር ወደቀ፣ ከዚያ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ከጓሮ በኩል የቆርቆሮ ጣራ ላይ የሰው እግር ሰማሁ፣ የሚጣደፍ እግር። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ሰናይት የምትባል ተማሪ ልጅ አለቻቸው፣ የምትፈለግ ልጅ ናት፣ ለሰፈሩ ዘመድ ዘንድ ሄዳለች ብለው ነበር፣ ለካ እቤት ደብቀዋታል። ያ የሚያነክስ ድምፅ ምልክታቸው ነው፤ እሱ ከሆነ አባቷ መጣ፣ ሌላ መኪና ከሆነ በጓሮ አጥር ዘላ ታመልጣለች። ድምፁን እኔ ለወጥኩት፣ አጥሩ ሥር ደግሞ ሦስቱ ቆመዋል። ልጣራ ብል ይሰማሉ፣ በሩን ብደበድብ ልጅቷ ይብስ ትሮጣለች። መሪውን እንደጨበጥኩ ቀረሁ።

ዱክ ዱክ ዱክ፣ ዘለለ፣ እህ።

አልነካሁትም፣ እግሬም ቤንዚኑ ላይ አልነበረም። ዱክ ዱክ ዱክ፣ እህ። ያው ራሱ ነው። ጣራው ላይ ያለው እግር ቆመ፣ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ቁልፉን አዞርኩና ነቀልኩት። ሞተሩ አልጠፋም። የጋለ የቤንዚን ሞተር ቁልፍ ከተነቀለም በኋላ ሁለት ሦስቴ ተንፈራግጦ ይጠፋል፣ ያን አውቃለሁ፣ ይህ ግን በእርጋታ፣ ሳይቸኩል ቀጠለ። ወርጄ ኮፋኖውን ከፈትኩ። ቫልቯ የገጠምኳት ናት፣ አልተነቃነቀችም። ከነጎማ ቱቦዋ አውጥቼ አፏን በአውራ ጣቴ ደፈንኩ፤ ሞተር እየሠራ ከሆነ ጣትህን ትስባለች፣ ሌላ ሥራ የላትም። ይህች ግን ነፈሰችብኝ። ሙቅ ነው፣ የቤንዚን ሽታ የለውም፣ ይወጣል፣ ያርፋል፣ ይወጣል። እንዴት መልሼ እንደሰካኋት አላውቅም።

በሩ ተከፈተና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ። ወደ ጋቢናው አዩ፣ ባዶ ነው። እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ አዩ። መዳፋቸውን ጭቃ መከላከያው ላይ አሳረፉና ጎንበስ ብለው፣ ለሰው እንደሚነገረው ዝግ ብለው፣ ባላቸውን በቁልምጫ ጠርተው፣

"መንጌ፣ ሰምተናል፤ ይበቃል" አሉ።

ጠፋ።

ጋሼ የት እንደሄዱ ነገርኳቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ ብቻ። ዝናቡ እስኪያባራ ደጃፉ ላይ ተጠልዬ ቆየሁ፣ ልሰናበታቸው ዞር ስል ጥቁር ለብሰዋል። "ይመጣሉ እኮ እትዬ፣ ምን ነካዎት?" አልኳቸው፣ ሳይመሽብህ ሂድ አሉኝ።

ጋሼ አልመጡም። ከተጠሩበት ቦታ አሥር ሰዓት ላይ በእግራቸው ወጥተዋል ነው የተባለው፣ ከዚያ ወዲህ ያየ የለም፣ ሬሳም አልተገኘም። ሰው ስንቅ ይዞ በየእስር ቤቱ ደጅ ሲንከራተት እትዬ አስካለ አንድም ቀን አልሄዱም፣ ሰፈሩ አማቸው። ሰናይት ከወር በኋላ ስንዴ ልትጭን በምትሄድ በሌላ መኪና ወጥታ ተረፈች። የጋሼን መኪና ግን ከዚያ ምሽት በማግሥቱ አስነሣኋት፣ ሚኒሞዋ እንደ ስፌት መኪና ነበር፣ ከዚያ በኋላም አላነከሰችም።

ስለ ቫልቯ ለእትዬ አስካለ የተናዘዝኩት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። አልተቆጡኝም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣

"አንተ መካኒክ ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ" አሉኝ። "ይበቃል ባልለው ኖሮ፣ እስከ መቼ ይቆይ ነበር?"

"ያኔውኑ ይጠፋ ነበር እትዬ" አልኳቸው።

ዋሸሁ። አፏን በጣቴ የደፈንኩ ጊዜ ትንፋሹ እየደከመ አልነበረም።