በፓርኩ የከረመችው

ብራዮኒ ወደ ጎብኚዎች ማእከሉ መመላለስ የጀመረችው ስልኳን ቻርጅ ለማድረግ ነበር። በፓርኩ ውስጥ መብራት ያለው እዚያ ብቻ ነው።

እሷና እናቷ ኖሊን የተከራዩት ቤት ሲሸጥ፣ በዚያች የባሕር ዳርቻ ከተማ ሌላ ቤት አጡ። ያለው ሁሉ ለእረፍት እንግዶች የተያዘ ነበር። ለጊዜው ነው ተባብለው ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ድንኳን ተከሉ። ደንቡ ብዙ መቆየት ስለማይፈቅድ ቀናቸው ሲሞላ ነቅለው ወደ ሌላው ካምፕ ይሄዳሉ፤ ደግሞ ይመለሳሉ። ብራዮኒ ጠዋት ጠዋት ከተማ ወርዳ የእንግዳ ቤቶችን ታጸዳለች። ኖሊን ዳሌዋን ስለሚያማት ከድንኳኑ ብዙ አትርቅም፤ ዳቦዋን ሊሰርቁ የሚመጡትን ካንጋሮዎች እየተቆጣች ትውላለች።

ማእከሉ ውስጥ ሎክላን ነበር። ካርታ ዘርግቶ ለእንግዳ መንገድ የሚያሳይ፣ ስለ ወፍ ሲያወራ ጆሮው የሚቀላ ወጣት። አንድ ቀን ለእረፍት መጥታ እንደሆነ ጠየቃት።

«አይደለም» አለችው። የምትለው ሲጠፋት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የወፍ ሥዕል አየች። «ስለ ወፎች እያጠናሁ ነው።»

ትንሽ ውሸት መስሏት ነበር። እሱ ግን አመናት። በማግስቱ ኮካቱ የሚባሉት ጥቁር በቀቀኖች የሚያድሩበትን ዛፍ ሊያሳያት ወሰዳት። ሲጠይቃት የምትመልሰው ስለሌላት ዝም ትላለች፤ ዝምታዋን ሐሳብ አድርጎ ቆጠረው። ውሎ አድሮ ዝምታው የሁለቱም ሆነ። አንድ ቀን ወፎቹ ሁሉ ከበረሩ በኋላም ከባሕር ዛፎቹ ሥር አልተንቀሳቀሱም። እጇን ያዛት። ደስታዋ ሳይሞላ ሀፍረቱ ቀደማት፤ መዳፏ በበረኪና ሻክሮ ነበርና። የት እንዳረፈች ሲጠይቃት፣ ከተማ ውስጥ አለችው።

ክረምቱ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያይል ብራዮኒ ማእከሉ ውስጥ ከሎክላን ጋር ሻይ ትጠጣለች። በሩ ተከፈተና ኖሊን ገባች። ከካምፑ መታጠቢያ ቤት ስትመለስ ዝናቡ ደርሶባት እስከ እግሯ ርሳለች። ልጇን አላየቻትም። በቀጥታ ወደ ማሞቂያው ሄዳ ጫማዋን አወለቀች፤ ካልሲዋንም አሰጣች። ፖስትካርድ የሚመርጡ ባልና ሚስት ተያዩ። ሴትየዋ አፍንጫዋን ይዛ ሳቀች።

ሎክላን ተነሳ። «ይቅርታ እናቴ፣ እዚህ ልብስ ማድረቅ አይፈቀድም» አላት በለስላሳ ድምፅ።

ኖሊን ዞር ስትል ብራዮኒን አየቻት። ፊቷ በራ።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለ ሎክላን።

«አይ» አለች ብራዮኒ። «አላውቃቸውም።»

ኖሊን ካልሲዋን ቀስ ብላ ሰበሰበች። «ከሰው ጋር አመሳስያት ነው» አለችው። «ዓይኔም እንደ ዳሌዬ ሆኗል።» ሳቅ ብላ፣ ጫማዋን በባዶ እግሯ አጥልቃ ወደ ዝናቡ ወጣች።

የማያውቃት ሰው እንኳ እናቴ ብሏታል። ብራዮኒ ልትነሳ ፈለገች፤ ግን ስኒዋን እንደያዘች እዚያው ቀረች።

ለእራት እናቷ ቋሊማ ጠብሳ ጠበቀቻት። «ሳይቀዘቅዝ ብዪ» ብቻ አለቻት። ብትሰድባት ይቀላት ነበር።

በማግስቱ ብራዮኒ የእናቷን ክንድ ይዛ ወደ ማእከሉ ሄደች። ኖሊን መንገዱን ሙሉ እንመለስ እያለች ለመነቻት፤ ልጁ ደህና ልጅ ነው፣ በእኔ የተነሳ እንዳይሸሽሽ አለቻት። ማእከሉ በጎብኚ ተሞልቶ ነበር። ተራቸውን ጠበቁ።

«እናቴ ናት» አለችው ብራዮኒ። «ኖሊን ትባላለች። የምንኖረው እዚሁ፣ ድንኳን ውስጥ ነው። ስለ ወፍም ምንም አላውቅም።»

የሎክላን ፊት ደም መሰለ። መጀመሪያ ያየው የኖሊንን እግር ነበር። ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥቶ ፊቷ ቆመ።

«እኔ ነኝ ያስወጣሁዎት» አለ።

ኖሊን ደንብ ደንብ ነው ብላ አለፈችው፤ ሻይ ካለ ግን እንደማትጠላ ነገረችው።

ሎክላን ብራዮኒን ለብዙ ቀን አላናገራትም። ውሸቷን ይቅር ማለቱ አልነበረም የከበደው። ሁለቱ ሲተያዩ፣ ኖሊን ወደ ዝናቡ ስትወጣ ትታያቸዋለች።

ድንኳኑን እንደገና የሚነቅሉበት ቀን ሲደርስ፣ ሎክላን የሥራ ልብሱን ሳይለብስ መጣ። ሳይጠየቅ የሸራውን ሌላ ጫፍ አነሳ። ብራዮኒ ቀና ብላ አላየችውም። እያጠፉ፣ እያጠፉ ተቀራረቡ። እጆቻቸው ሲገናኙ አልለቀቃትም።

«ኮካቱዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው» አላት።

«እንግዲያው አስተምረኝ» አለችው።

ክረምቱ ሲያልፍ እናትና ልጅ ከከተማው ጀርባ አንድ ክፍል አገኙ። በበጋው ሎክላን ሁለቱንም ወላጆቹ ቤት ምሳ ወሰዳቸው። የበግ ጥብሱ እየተቆረጠ ሳለ እናቱ ከብራዮኒ ጋር የት እንደተዋወቁ ጠየቀች። ሎክላን ፈጠን ብሎ ሥራ ቦታ አለ።

ብራዮኒ ሹካዋን አስቀመጠች። ፊቷ ሲግል ተሰማት።

«ካምፑ ውስጥ እንኖር ነበር» አለች። «እኔና እናቴ። ክረምቱን በሙሉ፣ በድንኳን።»

የሎክላን እናት በዚያ ሁሉ ዝናብ እንዴት ቻላችሁት አለች።

«ጠብታ አላስገባም» አለች ኖሊን፣ ድንች ለራሷ እየጨመረች። «ልጄ ናት የተከለችው።»