ባሕር ያለው ግድግዳ

«ቀጣዩ ቦታ የማን ነው?» ሲል ጠየቀ ዐብዲረዛቅ፣ ካሜራውን ከአቧራው በመዳፉ እየከለለ።

«የእኔ!» አለች ዒፍራህ። «የአክስቴ ሱቅ። ተከተሉኝ!»

የትምህርት ቤቱ የፎቶ ክበብ ልጆች ከጠዋት ጀምሮ የድሮዋን ጅጅጋ በእግራቸው እየዞሩ ነው። አሠልጣኛቸው ዐብዲረዛቅ ደንቡን የነገራቸው ገና ከግቢ ሳይወጡ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ የሚያውቀውን አንድ ቦታ ይመርጣል፤ እዚያ ሲደርሱ አስጎብኚው እሱ ነው፣ ታሪኩን ይናገራል፣ ሌሎቹ ፎቶ ያነሳሉ። «ታሪኩን የማታውቁትን ቤት ካነሳችሁ፣ ያነሳችሁት በር ብቻ ነው» ብሏቸዋል። ልደት የመረጠችው ጫት ተራን ነበር። ስለ ጫት ተራ የምታውቀው ነገር የለም፤ የመረጠችውም ለዚሁ ነው።

ጥጉን ታጥፈው ሰማያዊ በር ፊት ሲቆሙ ልደት ከሁሉም ኋላ ቀረች። በሩ ያኔም ሰማያዊ ነበር። ከበላዩ «ዑባህ ሞባይል» የሚል አዲስ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ያለው የድሮ ጽሑፍ ግን በደንብ አልጠፋም። ቦታውን የሚያውቅ ሰው «ፎቶ ቤት» የሚለውን አሁንም ያነበዋል። የአባቷ የወንደሰን ፎቶ ቤት ነበር።

ዒፍራህ ይህን አታውቅም። ያደገችው አውበሬ ነው፤ ወደ ጅጅጋ የመጣችው ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ነው። ያኔ «አባትሽስ?» ብላ ስትጠይቃት፣ ልደት «ሀዋሳ ነው የሚሠራው» አለቻት። ለምን እንዲያ እንዳለች ራሷም አታውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ከዚያ ወዲያ መመለሻ አጣች። «ለገና ይመጣል»፣ «ስልኩ ተበላሽቶበት ነው» እያለች ውሸቱን ስትቀልበው ሁለት ዓመት አለፈ። እናቷ ሶሲናም ብትሆን ከአንድ ቃል በቀር የላትም፤ «ወደ ጅጅጋ የተመለስነው ከሰው ጋር ልንኖር ነው፤ ያለፈውን ሆድ ይፍጀው።»

«ኤዶ! እንግዳ አመጣሁልሽ» አለች ዒፍራህ። «ኤዶ» የምትላት አክስቷ ዑባህ ከስልክ መደርደሪያው ኋላ እየሳቀች ብቅ አለችና ሁሉንም በየተራ ሰላም አለቻቸው።

«አሁን ደግሞ የጅጅጋን ባሕር ላሳያችሁ» አለች ዒፍራህ፤ ከጓዳ በኩል ያለውን መጋረጃ ሰብስባ ያዘች።

ግድግዳው ሙሉ ሥዕል ነው። ከላይ ካራማራ ተራራ፣ ከሥሩ ሰማያዊ ባሕር፣ በባሕሩ ላይ ቀይ ባንዲራ ያላት ትንሽ ጀልባ፣ ግራና ቀኝ ዘንባባ። አንዱ ጥግ በጭስ ጠቁሯል።

«ካራማራ ሥር ባሕር!» አለ ከልጆቹ አንዱ። «ሰውየው ግን ፋራ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ልደትም አብራ ሳቀች። የጀልባዋን ባንዲራ ያቀለመችው እሷ ናት፣ በጣቷ፣ አባቷ ትከሻ ላይ ተቀምጣ። «ጅጅጋ ባሕር የላትም ብለን እንቅር እንዴ? እንሥልላታለን!» ይላት ነበር። ደንበኛውን እዚህ ግድግዳ ፊት ያቆምና በሶማልኛ መቁጠር ይጀምራል፤ «ኮው፣ ለባ…»። ሦስት ላይ ደርሶ አያውቅም። ሁለት ሲል ያነሳል። «ሦስትን የሚጠብቅ ሰው ፊቱን ያስተካክላል። እኔ የምፈልገው ከመስተካከሉ በፊት ያለውን ነው» ይል ነበር።

«ማን ነው የሣለው?» አለ ዐብዲረዛቅ።

የዑባህ ሳቅ ጠፋ። «ፎቶ አንሺው ነዋ። የእኔን ሠርግ ያነሱት እሱና ሚስቱ ነበሩ። እኛ ዘንድ ሙሽራ ከሴቶቹ ጋር ስትሆን ትገለጣለች፣ ጸጉሯን ትፈታለች፤ እዚያ ወንድ አይገባም። ሚስቱ ናት ገብታ ያነሳችኝ። ሰውየውም ‹የወንድ ዐይን አያየውም፣ አማና፣ አደራ ነው› ብሎ ቃል ሰጠኝ።» መጋረጃውን ከዒፍራህ እጅ ወስዳ ለቀቀችው። «ከዚያ ከተማው ተረበሸ። እሱም ፎቶዬን እንደያዘ ጠፋ። አማናዬን በላ።»

«ኤዶ፣ ተይው በቃ» አለች ዒፍራህ፤ ሼም ይዟታል።

«አልተወውም! ይህን ቤት የተከራየሁት ለምን መሰለሽ? የመጀመሪያው ቀን ወለሉን ሳይቀር ፈተሽኩት። ወላሂ፣ አንድ ወንድ ስልኩን እያየ ሲስቅ ካየሁ እስከ ዛሬ እኔን የሚያይ ይመስለኛል። ነገ ቀለም ቀቢ ይመጣል። ነጭ አስቀብቼው እገላገላለሁ።»

ልደት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አማናዬን በላ። አባቷን ነው የምትለው።

በ2010 የሐምሌ መጨረሻ፣ ከተማው ሲታወክ፣ ጎረቤታቸው ኬሪያ ሦስቱንም ቤቷ ደብቃቸው ነበር። አባቷ ግን መቀመጥ አልቻለም። «የሙሽራይቱ ፎቶ እዚያ ነው። ሱቁ ቢዘረፍ በማን እጅ እንደሚገባ ማን ያውቃል?» አለ። ኬሪያ ጃኬቱን ጨምድዳ ይዛ «ወንደሰን፣ አትውጣ» አለችው። ጃኬቱን ትቶላት ወጣ። ሲመለስ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ ፊቱ በደም ተሸፍኖ ነበር፤ ቀኝ እጁ ግን እንደተጨበጠ ነው። ሶሲና ጣቶቹን አንድ በአንድ ስትከፍታቸው የካሜራው ሜሞሪ መዳፉ ውስጥ ነበር። ፍልሰታ ሳይፈታ ድሬዳዋ ላይ አረፈ። እናቷ ሜሞሪውን በመሐረቡ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ተከፍቶ አያውቅም። ሙሽራይቱንም የአውበሬ ልጅ መሆኗን እንጂ የት እንደገባች የሚያውቅ አልነበረም።

«በሉ እንሂድ፣ ፀሐዩ ሳይከር» አለ ዐብዲረዛቅ። ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ።

ልደትም እስከ በሩ ሄደች። ከወጣች ነገ ግድግዳው ነጭ ይሆናል። ዒፍራህ ጓደኛዋ ሆና ትቀጥላለች፣ እናቷም ሰላሟ አይታወክም። አባቷ ግን እዚህ ቤት ውስጥ ለዘላለም አማና በላ ሆኖ ይቀራል፤ ይህች ሴትም የሰው ስልክ እንደፈራች ትኖራለች። ውጭ ነፋሱ አቧራውን አንስቶ የባጃጆቹን ሸራ ያራግባል። ልደት ዐይኗን ጨፈነች። ከዚያ ተመለሰች።

«ኤዶ ዑባህ» አለች። «አልጠፋም።»

«ማን?»

«ፎቶ አንሺው። ፎቶዎን አልበላም። እኛ ቤት ነው ያለው፣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ። ማንም አላየውም።»

ዒፍራህ ከበሩ ዞረች። «ምን እያልሽ ነው? አንቺ ሰውየውን በምን ታውቂዋለሽ?»

«አባቴ ነው።»

«አትቀልጂ! አባትሽ ሀዋሳ…»

«ዋሽቼሽ ነው።»

ዑባህ ቀስ ብላ ቀረበቻት። «ታዲያ አሁን የት አለ?»

ያችን ቃል ልደት አንድም ቀን ከአፏ አውጥታት አታውቅም። ቤት ውስጥ «እሱ» ነው የሚባለው፤ «እሱ እያለ»፣ «ከእሱ ወዲህ»። አሁን ግን ሌላ ቃል አልተገኘም።

«ሞቷል» አለች። «የእርስዎን ፎቶ ሊያወጣ ሄዶ።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች ዑባህ፤ ከስልክ ካርቶኖቹ አንዱ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበችው። «እኔ እኮ… ይህን በር በከፈትኩ ቁጥር ስረግመው ነው የኖርኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አባዮ፣ እህቴ። አንቺም ይቅር በዪኝ።»

ልደት ጎንበስ ብላ የዑባህን እጅ ያዘች። አባቷ ናፈቃት፤ እንዲህ አድርጎ፣ ሰው ፊት፣ ናፍቋት አያውቅም።

ዒፍራህ አላቀፈቻትም። ካሜራውን በሁለት እጇ አንቃ ይዛ ወለሉን ታያለች። «ለገና ይመጣል ስትዪኝ እኮ እጠብቀው ነበር» አለች በመጨረሻ። «እኔን እንኳ ትዋሺ?»

«አንቺን እንኳ» አለች ልደት።

ከውጭ ዐብዲረዛቅ ጠራቸው።

ልደት መጋረጃውን መልሳ ሰበሰበችና ደንበኞች ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመች። ቀይ ባንዲራዋ ከትከሻዋ በላይ ሆነች። ድሮ እዚህ ስትቆም ከጭንቅላቷ እጅግ ከፍ ብላ ነበር የምትታያት።

«ግድግዳው ሳይቀባ አንሺኝ» አለች። «ከዚያ ከኤዶ ጋር ሦስታችንም እኛ ቤት እንሄዳለን። እማዬ ትቆጣ ይሆናል፤ ብትቆጣም ሳጥኑን ክፈቺው እላታለሁ።»

ዒፍራህ ካሜራውን ወደ ዐይኗ አስጠጋች። «ልቁጠር?»

«ቁጠሪ። ግን ሦስትን አትጠብቂ። ለባ ስትዪ ተጫኚው።»

«ኮው» አለች ዒፍራህ።

ልደት እንባዋን ለመጥረግ እጇን አነሳች። መልሳ አወረደችው።

«ለባ።»