ትርንጎ እና የአባባ ይርጉ ጠረጴዛ

ደብረ ብርሃን በጣም ብርዳማ ናት። ጠዋት ጠዋት ብርዱ የልጆችን አፍንጫ ቆንጠጥ ያደርጋል።

በዚያች ከተማ ትርንጎ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ትርንጎ ከሁሉም ነገር አብልጣ የምትወደው ማገዝ ነው።

እናቷ ሽንኩርት ስትልጥ፣ «እኔ ላግዝ!» ትላለች። አባቷ ጫማውን ሲጠርግም፣ «እኔ ላግዝ!» ትላለች።

ድመቷ ራሷን ስትልስ እንኳ፣ «እኔ ላግዝ!» ትላለች። ድመቷ ግን ዘልላ ትሸሻለች።

እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ «የጎረቤት ልጅ» ወደሚባል ማኅበር ትሄዳለች። እዚያ ጧሪ የሌላቸው አዛውንቶች ይኖራሉ።

እናቷና ጓደኞቿ ለአዛውንቶቹ ልብስ ያጥቡላቸዋል፣ ያጫውቷቸዋል። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አይከፍላቸውም። ደስ ብሏቸው ነው የሚያግዙት።

እንዲህ ያሉ ሰዎች በጎ ፈቃደኞች ይባላሉ። ሁሉም አረንጓዴ ሰደርያ ይለብሳሉ።

ትርንጎ ያንን ሰደርያ በጣም፣ በጣም፣ በጣም ትፈልገው ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናቷ፣ «ዛሬ አብረን እንሂድ» አለቻት። ትርንጎ መንገዱን ሁሉ በአንድ እግሯ እየዘለለች ሄደች።

የማኅበሩ ኃላፊ እትዬ አስካለ በር ላይ ተቀበሏቸው። ከሳጥን ውስጥ ትንሹን ሰደርያ ፈልገው አወጡ።

ትንሹ የተባለው ሰደርያ ትርንጎን እስከ ጉልበቷ ሸፈናት።

«ቆይ፣ የኔ እመቤት» አሉ እትዬ አስካለ። «ይህን የለበሰ ሁሉ ሦስት ሕግ አለው። እስቲ ጣቶችሽን አምጪ።»

አውራ ጣቷን ያዙ። «ከመግባትሽ በፊት አንኳኪ።»

ሌባ ጣቷን ያዙ። «ሳትጠይቂ አትንኪ።»

የመሀል ጣቷን ያዙ። «እመጣለሁ ካልሽ ነይ። የሚጠብቅሽ ሰው አለ።»

ትርንጎ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያነሳች ደገመችው። «አንኳኪ! ጠይቂ! ነይ!»

ከዚያ እናቷ ወደ ሦስተኛው ክፍል ወሰደቻት። ትርንጎ በሩን አንኳኳች። «ኳ! ኳ! ኳ!»

«ማነው?» አለ ወፍራም ድምፅ።

«ትርንጎ ነኝ!»

«ግቢ፣ ትርንጎ።»

አባባ ይርጉ ጋቢ ለብሰው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ረጅም ሰው ናቸው። ዓይናቸው ግን አያይም።

«አንቺ ትንሽ ልጅ ነሽ» አሉ ፈገግ ብለው። «ሰደርያሽ ግን ትልቅ ነው። ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል።»

ድሮ ትልቅ የጭነት መኪና ይነዱ እንደነበር ነገሯት። መኪናው ዳገት ሲወጣ «ግርርርር!» ይል ነበር። ትርንጎም «ግርርርር!» አለች። አብረው ሳቁ።

«በሚመጣው ቅዳሜስ ትመጫለሽ?» አሏት።

«እመጣለሁ!» አለች።

ፀሐይ ወጣች። እናቷ የአባባ ይርጉን ክንድ ይዛ፣ ፀሐይ እንዲሞቁ ወደ ውጭ ወሰደቻቸው።

ትርንጎ ብቻዋን ቀረች። ጠረጴዛውን አየችው። ሬዲዮው እዚህ፣ ኩባያው እዚያ፣ የአባባ ይርጉ ማበጠሪያ ደግሞ ጥግ ላይ።

«ውይ! ተዝረክርኳል!» አለች። «እኔ ላግዝ!»

ሌባ ጣቷ አንድ ነገር የሚላት መሰላት። ግን በጣም ቸኩላ ስለነበር አልሰማችውም።

ሬዲዮውን መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው። ኩባያውን ከቀኝ ወደ ግራ አዞረችው። ማበጠሪያዋን መሳቢያ ውስጥ ከተተቻት። አልጋው አጠገብ የነበረውን ምርኩዝ ደግሞ ከበሩ ኋላ አቆመችው።

ጠረጴዛው አማረ። ትርንጎም እጇን አጨበጨበች።

አባባ ይርጉ ተመለሱ። እናቷ አልጋው ላይ አስቀመጠቻቸውና ወደ ልብስ አጠባዋ ሄደች።

ትርንጎ ጥግ ላይ ቆማ ጠበቀች። «አሁን ያመሰግኑኛል» ብላ አሰበች።

አባባ ይርጉ ሬዲዮ ሊከፍቱ እጃቸውን ወደ ግራ ዘረጉ። ሬዲዮው የለም። እጃቸው ኩባያውን መታው።

«ቿ!» ኩባያው ወድቆ ተሰበረ። ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ደንግጠው ተነሱ። ምርኩዛቸውን ፈለጉ። የለም። አንድ እርምጃ ሲራመዱ ጉልበታቸው ከወንበሩ ጋር ተጋጨ። «ጓ!»

«ቤቴ የት ሄደ?» አሉ በቀስታ። እጃቸው አየሩን ይዳብሳል። «ማነው ቤቴን የወሰደብኝ?»

ትርንጎ «እኔ ነኝ» ልትል ፈለገች። ግን ፈራች።

ሮጣ ወጣች። ገመድ ላይ ከተሰጡት አንሶላዎች ኋላ ተደብቃ አለቀሰች።

ሳምንቱ አለፈና ሌላ ቅዳሜ መጣ። ትርንጎ ሰደርያውን ትራስ ሥር ደበቀችው።

«እማዬ፣ እኔ አልሄድም። ሆዴን አሞኛል።»

እናቷ ሆዷን ዳሰሰች። ግንባሯንም ዳሰሰች። «ያመመሽ ሆድሽ ነው ወይስ ልብሽ?»

«ልቤ ነው» አለች ትርንጎ። ከዚያም ሁሉንም ነገረቻት። ሬዲዮውን፣ ኩባያውን፣ ምርኩዙን፣ መደበቋንም።

እናቷ አልተቆጣችም። አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔም መጀመሪያ ቀን አጥፍቻለሁ» አለች። «አንዲት እናት ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ብርጭቆ ውስጥ ዘፍዝፈውት ነበር። እኔ ቆሻሻ ውሃ መስሎኝ ከነጥርሱ ደፋሁት።»

የትርንጎ ዓይን ፈጠጠ። «ከነጥርሱ? ከዚያስ?»

«ከዚያማ አፈርኩ። ግን ተመልሼ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ጓሮውን ሁሉ ፈልጌ፣ ጥርሱን ጎመኑ መሀል አገኘሁት።»

ትርንጎ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ የመሀል ጣቷን አየችው።

«እመጣለሁ ብያቸው ነበር» አለች።

«እየጠበቁሽ ይሆናል» አለች እናቷ።

ትርንጎ ሰደርያውን ለበሰች። በዚያ ቀን አልዘለለችም። በሁለት እግሯ፣ ቀስ ብላ ሄደች።

የሦስተኛው ክፍል በር ላይ ቆመች። ቀስ አድርጋ አንኳኳች። «ኳ… ኳ… ኳ…»

«ማነው?»

«ትርንጎ ነኝ። አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቤትዎን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

አባባ ይርጉ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ።

«ለምን ወሰድሽው?» አሉ።

«እንዲያምርልዎ ብዬ ነው።»

«ነይ ቅረቢ» አሉ። ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። «አየሽ ልጄ፣ አንቺ በዓይንሽ ታያለሽ። እኔ የማየው በእጄ ነው። ሬዲዮዬ በግራ፣ ውሃዬ በቀኝ ሲሆን ነው ቤቴ የሚታየኝ።»

ትርንጎ ትልቁን እጃቸውን አየችው። እጅ ማየት እንደሚችል አታውቅም ነበር።

«እናትሽ ዕቃውን መልሳልኛለች» አሉ። «ማበጠሪያዬ ግን አልተገኘችም። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ፀጉሬ እንደ ጃርት ቆሟል!»

እውነትም ቆሟል። ትርንጎ ሳቋን በእጇ አፈነችው።

«የት እንዳለች አውቃለሁ» አለች። «መሳቢያውን ልክፈት?»

«ክፈቺ።»

«ማበጠሪያዋን የት ላስቀምጣት?»

አባባ ይርጉ ትንሿን እጅ በትልቁ እጃቸው ያዙ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስኬዷት፣ አስኬዷትና ጥጉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «እዚህ።»

ትርንጎ ማበጠሪያዋን እዚያው አስቀመጠቻት።

«አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ» አሉ። «ማንንም ጠይቄ አላውቅም፤ አፍር ነበር። እነዚህ ካልሲዎች ወንድማማች ናቸው ወይስ ጎረቤታሞች?»

እግራቸውን ዘረጉ። አንዱ ካልሲ ቡናማ ነው። ሌላው ቢጫ!

«ጎረቤታሞች ናቸው» አለች ትርንጎ። «የልብስ ቅርጫትዎን ልንካ?»

«ንኪ፣ ንኪ።»

ታጥበው የደረቁትን ልብሶች አንድ በአንድ አነሳች። ከታች፣ ከሁሉም በታች፣ የቢጫው ወንድም ተገኘ!

«ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?»

«ቢጫ! እንደ ጫጩት!»

«ጫጩት?» አባባ ይርጉ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እኔ ይርጉ! ያን የሚያክል መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው! የጫጩት ካልሲ?»

«የቡናማውን ወንድም ልፈልግልዎ?»

«ተዪ! ጫጩቶቼን አድርጊልኝ።»

ምርኩዛቸውን በአንድ እጅ፣ ትርንጎን በሌላው እጅ ይዘው ወጡ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉ። አዛውንቶቹ ሁሉ አዩ።

«ይርጉ ጫጩት ፈለፈለ!» ብለው ሳቁ። ከሁሉም በላይ የሳቁት ግን አባባ ይርጉ ናቸው።

ማታ ትርንጎ አልጋዋ ውስጥ ገባች። እናቷ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላት።

«እማዬ፣ ጫጩቶቹ ተኝተው ይሆን?»

«ተኝተዋል።»

«አባባ ይርጉስ?»

«እሳቸውም ተኝተዋል።»

«እኔስ?»

እናቷ መልስ ልትሰጣት ጎንበስ አለች። ትርንጎ ግን ተኝታ ነበር።