ፈተናው እስኪያልፍ

ቶሮንቶ ውስጥ ክሬሰንት ታውን በሚባለው የፎቅ መንደር፣ ሊፍቱ አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን በሚያርፍበት ሕንፃ፣ እናትና ልጅ ይኖሩ ነበር። እናቲቱ ቦጋለች ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። ልጅቱ ብሩክታዊት ደግሞ... ወይ ብሩክታዊት! ሐኪም ካልሆንኩ ብላ ምድርን ያስጨነቀች ልጅ ናት። አባቷ ዘርይሁን ቪዛ እየጠበቀ ናዝሬት ቀርቷል። እሁድ እሁድ ሲደውሉለት ገና ከአሁኑ «ዶክተርዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ?» ይላታል፤ እሷም የደም ግፊት መድኃኒቱን መዋጥ አለመዋጡን እንደ ሐኪም ትመረምረዋለች። ባሕር ቢለያቸውም ሦስቱም የሚኖሩት በአንድ ሐሳብ ነበር።

ሐሳቡም ይህ ነው። ብሩክታዊት አገሩን ስትረግጥ አፏ በእንግሊዝኛ ስላልተፈታ የሃይስኩል ውጤቷ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። ስለዚህ መንገዷ ዙሪያ ጥምጥም ሆነ፤ መጀመሪያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር፣ ከዚያ የሕክምና ትምህርት ቤት። የኮሌጁ አማካሪ ቁርጡን ነግሯታል፤ ከኮሌጅ ተነስቶ እዚያ የሚደርስ ጥቂት ነው፤ በመጨረሻው ፈተና በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ኤ ካላመጣች በሩ ይዘጋባታል። ቦጋለች ይህን የሰማች ዕለት ለእመቤታችን ተሳለች። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ድስት እንኳ ሲከደን በቀስታ ሆነ።

ታዲያ መከራ ቀን መምረጥ አያውቅም ያለው ማነው? እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1996፣ በረዶው ቀልጦ ፈተናው ደጅ ሲደርስ፣ ቦጋለች ከሥራ ስትወጣ የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ አስማማውና ጎረቤቷ የኔነሽ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆመው አየቻቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታይ መርዶ መሆኑን አወቀች። ዘርይሁን ገበያ መሃል ወድቆ አልተነሳም ነበር። ቀብሩም አልፏል።

«ልጅቷስ?» አለች ቦጋለች ገና እንባዋ ሳይወርድ። እናት አይደለች!

«ፈተናዋን ትጨርስ» አሉ ጋሽ አስማማው። «ደግሞ ለመርዶ ምን ያስቸኩላል?»

ሐበሻ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ተማሪ መርዶ አይነገረውም። ልቅሶው ሦስት ፎቅ ዝቅ ብሎ የኔነሽ ቤት ሆነ። ቦጋለች ጥቁሯን በቦርሳ ይዛ ትወርድና እዚያ ትለብሳለች፤ ስትወጣ አውልቃ፣ ፊቷን ታጥባ፣ እየሳቀች ቤቷ ትገባለች። «አባዬ ለምን ስልክ አያነሳም?» ስትባል፣ «ጸበል ገብቷል የኔ እናት፣ እዚያ ስልክ የለም» አለቻት። ብሩክታዊትም ተቆጣች። «ጸበሉን ይጠጣ፣ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጥ ንገሪው!»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የኔነሽ ቤት በር ተንኳኳ። ብሩክታዊት ናት! ሊፍት ውስጥ ጥቁር የለበሱ ሰዎች አይታ ጠይቃ፣ አንዱ ደንግጦ «የኔነሽ አጎት ሞቶባት» ብሏት ኖሯል። ልጅቱ ደግሞ አስተዳደጓ መልካም ነው፤ ደብተሯን ጥላ ልቅሶ ልትደርስ መጣች። የኔነሽን አቅፋ «እትዬ፣ እግዜር ያጥናሽ፤ ነፍስ ይማር» አለች። የኔነሽ አንገቷን ደፋች። ብሩክታዊት ዞር ብትል እናቷ ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ጎንበስ ብላ በጆሮዋ «እማዬ ደግሞ፣ ከሐዘንተኛዋ ብሰሻል እኮ!» አለቻትና ግንባሯን ሳመቻት። ሻይ ቀረበላት፤ ጠጣች፤ ወደ ጥናቷ ተመለሰች። ያን ቀን በዚያ ቤት ያልተንሰቀሰቀ አልነበረም።

ፈተናው አለፈ። «እንግዲህ ትረዳ» አሉ ጋሽ አስማማው። ቦጋለች ግን «ውጤቱ ይውጣ» አለች። ውጤቱ ኤ ሆነ፤ «የዩኒቨርሲቲው መልስ ይምጣ» አለች። ምን ታድርግ? ልጇ በሳቀች ቁጥር አንድ ቀን ልጨምርላት ትላለች። እዚህ ላይ ነው ያጠፋችው።

መልሱ በሰኔ መጣ፤ ተቀብለዋታል! ብሩክታዊት እናቷን ተሸክማ ቤቱን ዞረች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ጋሽ አስማማው፣ የኔነሽ፣ የቤተክርስቲያን ሰዎች... ሳሎኑ ሞላ። ብሩክታዊት ዓይኗን እያሸች በፒጃማ ወጣችና ፊቷ በራ።

«እማዬ! አላስችል ብሎሽ ለሁሉም ነገርሽ አይደል? አይ እናንተ፣ ለእንኳን ደስ ያለሽ እንዲህ በማለዳ ይመጣል?»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ አስማማው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያኔ ገባት።

«አባዬ ነው?... መቼ?»

መቼ እንደሆነ ሲነገራት አልጮኸችም። ዘወር ብላ እናቷን አየቻት። «እንግዲያው የኔነሽ ቤት... የአባቴ ልቅሶ ላይ ነው ሻይ ጠጥቼ የወጣሁት?»

ከዚያ በኋላ ለእናቷ ቃል አልተነፈሰችም። ለየኔነሽ ግን «አባቴን ቀብረው የሰጡኝን ወንበር አልቀመጥበትም፤ ዩኒቨርሲቲው ይቅርብኝ» አለቻት። ቦጋለች ሰማች። ያ ሁሉ እንባ የታፈነለት ነገር በገዛ እጇ ሲፈርስ አየች። ምን ብላ ትከራከር?

ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ባለ ቀን፣ ብሩክታዊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውኃ ሲንፏፏ ሰማች። ቆየ፤ አልቆም አለ። በሩን ከፈተችው። ቦጋለች ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ድምፅ ሳይኖራት ትንቀጠቀጣለች።

«እንዲህ ነበር የምታለቅሺው? እኔ ሳጠና?»

ቦጋለች አንገቷን ነቀነቀች። ብሩክታዊት ውኃውን ዘጋችው። አጠገቧ ቁጭ ብላ ነጠላውን ከአፏ ቀስ ብላ አወጣችላት።

«ጮክ ብለሽ አልቅሺ፣ እማዬ። አሁን የሚያጠና የለም።»

ቦጋለች ያኔ ጮኸች! ዘርይሁን ከሞተ ጀምሮ በገዛ ቤቷ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር። ሁለቱ ተቃቅፈው ወለሉ ላይ እስኪደክማቸው አለቀሱ።

«እማዬ» አለች ልጅቱ በመጨረሻ፣ «ሐኪም እሆናለሁ። ሰው ሲሞት ግን ለዘመዱ በዕለቱ ነው የምነግረው። ማንንም አላስጠብቅም።»

«ንገሪ የኔ እናት» አለች ቦጋለች። «እኔ አቅቶኝ ነው።»

በመስከረም እናትና ልጅ ጥቁራቸውን ለብሰው ለምዝገባ ሄዱ። አዳራሹ ውስጥ ተራ ሲጠብቁ አንዲት ፈረንጅ ብቅ ብላ፣ እንደ አገሯ ደንብ በአባት ስም ተጣራች።

«ዘርይሁን!»

ቦጋለች ሳታስበው ወደ በሩ ዞረች፤ እሱ የሚገባ መስሏት ነበር። ከአጠገቧ ግን ብሩክታዊት ብድግ ብላ፣ «አለሁ» አለችና ገባች።

ወይ ዕጣ! ባሏን ነስታት ስሙን ብቻ ላከችላት። ለሐዘንተኛ ይህ ትንሽ ነው ወይስ ብዙ? ቦጋለች አላወቀችም፤ የልጇን ቦርሳ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ጮክ ብላ አለቀሰች።