የቢኒያም ቀኝ ጫማ

ቢኒያም ከቁስቋም በላይ ባለ የተተወ የድንጋይ ካባ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። በግራ ጫማው ሥር፣ ገደል ለመውጣት የሚታሰረው ባለ ጥርስ ብረት እንደታሰረ ነው። የቀኙ ብረት ግን ከጫማው ወልቆ፣ ከሬሳው በላይ ገደሉ ላይ ባለች ጠባብ እርከን ላይ ቀርቷል። እርከኗ ላይ ደም አለ።

ኢንስፔክተር ቤርሳቤህ ስትደርስ ሰፈሩ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። «ገመዱን የያዘችው ልጅ ለቀቀችው» ይላል አንዱ። «ተጣልተው ነበር አሉ» ይላል ሌላው፣ ምንም ያላየው። የጉለሌ ሰው ለሬሳ ነጠላውን አውልቆ የሚያለብስ ደግ ሰው ነው፤ አፉን ግን የሚዘጋበት ቁልፍ የለውም።

ልጅቷ ሊድያ ትባላለች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። መዳፎቿ ተልጠዋል።

«ለቀቅሽው?» አለች ቤርሳቤህ።

«አልለቀቅኩም። ገመዱ ገደሉ ላይ ከታሰረበት ከመጨረሻው ቦታ በላይ ወጥቶ ነበር። ቀኝ እግሩን ሲተክል ብረቱ ወለቀ። ገመዱ ሳይወጠር እርከኑ ጭንቅላቱን መታው። ከዚያ እኔው ነኝ ቀስ አድርጌ ያወረድኩት።»

ቤርሳቤህ የተላጠውን መዳፍ አየች፣ ገመዱንም አየች። የለቀቀ ሰው እጁ እንዲህ አይሆንም።

«እዚህ አገር በረዶ የለም። በብረት ጥርስ ድንጋይ ላይ ምን ትሠራላችሁ?»

«ለበረዶ ገደል እየተለማመድን ነው። ለገና ጣሊያን ተጋብዘናል። በረዶ ከሌለ በድንጋይ ነው የምንማረው።»

«ጫማውስ? የተራራ ጫማ አይመስልም።»

«የስኪ ነው። በረዶ ላይ ሽቅብ ለሚሄዱ የሚሠራ፣ በጣም ቀላል ዓይነት። ቢኒ ከሰልባጅ ነው ያገኘው። ‹እግሬ ላይ ምንም የለም እኮ› እያለ ይስቅ ነበር።» ወደ ግራው ጫማ ጠቆመች። «እ... ማለቴ፣ ከፊትና ከኋላ ከንፈር አለው፣ አየሽው? የብረቱ ሽቦ የፊተኛውን ከንፈር ይይዛል፣ ተረከዙ ላይ ይቆለፋል። በቃ።»

ቤርሳቤህ ጣቷን በግራው ጫማ ከንፈር ላይ አስኬደች፤ ቀጥ ያለና ስል ነው። የቀኙ ወደ ታች ዘምሞ ጠርዙ ዶልዱሟል። እጇን ወደ ውስጥ ስትሰድ ገበሩ እርጥብ ነው፤ ጣቷም ጫፉ ላይ ግራጫ ብናኝ ይዞ ወጣ። ብናኙን በወረቀት ጠቀለለችው።

«ለመጨረሻ ጊዜ የወጣበት መቼ ነው?»

«እሑድ። ያን ቀን ጫማው እንደ ሚስማር ነበር የሚይዘው። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ነው የነበረው። ዛሬ ዝናቡ ሳይመጣ ብለን ተጣድፈን... ማየት ነበረብን።»

በመምሪያው «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የሚባለው ተረት የቤርሳቤህ ቅጽል ስም እስኪመስል ድረስ ትደጋግመዋለች። የዚህ ነገር ሥር ጫማው ነው፤ እሷም ጫማውን ይዛ አዲሱ ገበያ ወረደች።

ሰልባጅ ነጋዴው አሽረፍ ጫማውን ሲያይ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

«ያ ልጅ ሞተ? ኢና ሊላሂ...»

«ሲሸጡለት ሁለቱም አንድ ዓይነት ነበሩ?»

«ወላሂ አንድ ነበሩ፣ እህቴ። ስንቱ እያነሳ ሳቀበት! ‹የጠፈር ሰው ጫማ› አሉት። እሱ ግን ሲያየው እንደ ሙሽራ ፈካ።»

«እንዲያምር ብለው ከንፈሩን አልሞረዱትም?»

«እኔ ጫማ እጠርጋለሁ እንጂ አልሞርድም። ደግሞ ተመልከቺው፤ ሞረድ ቢነካው ይጫጭረው ነበር።»

እውነቱን ነው። ጭረት የለበትም። ይህ የሞረድ ሳይሆን የሙቀት ሥራ ነው፤ ሙቀት ደግሞ ወዲያው የሟቹን ታላቅ ወንድም አስታወሳት። ስለሺ ጎሚስታ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል፤ አንዱ ልጅ መሬት ላይ ተንበርክኮ ጎማ ይለጥፋል፣ ሌላው ገደል ላይ ይንጠለጠላል።

ስለሺን ከተዘጋው ሱቁ ፊት ለፊት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ዓይኑ ደም መስሏል።

«‹ይሄ ጫማ ይገድልሃል› ብለኸዋል አሉ።»

«ብዬዋለሁ! ታላቁ ነኝ፣ ምን ልበለው? እኔን ቢሰማኝ ኖሮ ዛሬ...» ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

«ጎማ የምትለጥፍበት የጋለ ብረት ፕላስቲክ ላይ ቢያርፍ ምን ያደርጋል?»

«ያትማል። መስመሩን ቁጭ ነው የሚያደርገው።» ቀና ብሎ አያት። «እኔን ነው የጠረጠርሽው?»

«ሁሉንም ነው። አንተን ግን አሁን ተውኩህ» አለችው፤ ጫማው ላይ የታተመ መስመር አልነበረምና።

የለቅሶው ድንኳን ከተተከለበት ግቢ ስትገባ እናትየው ወይዘሮ ጽጌረዳ በሁለት ሴቶች ተደግፈው ቆመው ነበር።

«ያቺን ልጅ እሰሪልኝ! አምኜ ልጄን በእጇ ሰጠኋት፣ ለቀቀችብኝ!»

ቤርሳቤህ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። ቀና ስትል ግንባራቸው ላይ ግራጫ ነገር አየች፤ ከእንጦጦ ማርያም የሚመጣው እምነት ነው፣ የተባረከው አመድ። ከጓሮ በኩል ደግሞ ጣራ ክዳን ሥር የከሰል ምድጃ አለ። ዙሪያውን ካልሲና ሹራብ ተሰጥቷል። ነሐሴ ነውና በዚህ ቁልቁለት ያለ እሳት የሚደርቅ ልብስ የለም። ቤርሳቤህ በወረቀት የጠቀለለችውን ብናኝ አስታወሰች። ጥያቄዋን ለሌላ ቀን አቆይታ ወጣች።

በሠልስቱ ቀን ሁሉም ድንኳን ውስጥ ነበሩ። አሽረፍ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ስለሺ ከእናቱ ጎን ነው። ሊድያም መጥታለች፤ ሴቶቹ ከአጠገቧ ስለተነሡ አግዳሚው ላይ ብቻዋን ቀርታለች። ቤርሳቤህ ጫማዎቹን አወጣች።

«በዚህች ልጅ ላይ ብዙ ተብሏል» አለች። «ስለዚህ በሁላችሁ ፊት እናገራለሁ። ገመዱ አልተለቀቀም፤ መዳፏ የተላጠው ይዛው ነው። ቢኒያም የወደቀው ብረቱ ከቀኝ ጫማው ስለወለቀ ነው። ብረቱ የወለቀው የጫማው ከንፈር ስለዘመመ ነው። እሑድ ደህና ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ስለሺ ብድግ አለ። «ከዚህ ቤት ማለት እኔ ነኝ?»

«ተቀመጥ። የአንተ ብረት ቢሆን ያትም ነበር። ሞረድ ቢሆን ይጭር ነበር። ይህ ግን በአንድ ጎኑ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ለረጅም ሰዓት ሞቋል። የቆዳ ጫማ እሳት ዳር ቢውል ይደርቃል፤ ይሄ ቀላል እንዲሆን በስስ ፕላስቲክ ነው የተሠራው፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። እሳት ዳር ለምን ዋለ? ርሶ ነበርና። ማንም ያላደረገው ጫማ በምን ራሰ?»

ወረቀቱን ፈታች። ግራጫው ብናኝ ታየ። ወረቀቱን በመዳፏ ላይ ይዛ ቆመች። ዝም ብትል ሊድያ እድሜዋን ሙሉ ገዳይ ተብላ ትኖራለች። ብትናገር ደግሞ ሌላ ሰው በቁሙ መሞቱ ነው።

ሊድያ ወረቀቱን አየች። ዞራም የወይዘሮ ጽጌረዳን ግንባር አየች። ድንገት ተነሣች።

«እኔ ነኝ ያረጠብኩት» አለች። «አጠብኩት... እሳት ዳርም ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ጽጌረዳ ልጅቷን ትኩር ብለው አዩዋት።

«ትዋሻለች» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ነኝ። እንጦጦ ወጥቼ ጠበል አመጣሁ። ከገደል ጠብቂልኝ ብዬ ጫማው ውስጥ ረጨሁለት። ከእምነቱም ጨመርኩለት። አይቶ እንዳይስቅብኝ፣ ደግሞ ጧት በእርጥብ ጫማ ብርድ እንዳይመታው ብዬ ሁለቱንም እሳት ዳር አደረግኩ፤ ቀኙ ለፍሙ ቀርቦ ኖሯል። የአባታቸውን ጫማ እንዲያ እያደረቅኩ ነው የኖርኩት።» እጃቸውን ጨብጠው ደረታቸውን መቱ። «እመቤቴማ ጠበሉን ሰጠችኝ። እሳቱን የጨመርኩት እኔ!»

ስለሺ «እማዬ» ብሎ አቀፋቸው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ያን ሰዓት በድንኳኑ ውስጥ ያላለቀሰ አልነበረም፣ አሽረፍም ቢሆን።

ወይዘሮ ጽጌረዳ ከልጃቸው ክንድ ወጥተው ሁለት እጃቸውን ወደ ቤርሳቤህ ዘረጉ።

«በይ እሰሪኝ።»

«ወንጀል የለም፣ እናቴ። ሕጉ እርስዎን አይፈልግም።»

«እንዴት አይፈልገኝም? ልጄ ሞቷል እኮ!»

ቤርሳቤህ የተዘረጉትን እጆች ይዛ ወደ ፍራሹ መለሰቻቸው። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ሊድያ አዞሩ።

«አንቺን ስምሽን አጠፋሁ። ልጄንም... ይቅር ትይኛለሽ?»

ሊድያ መጥታ አጠገባቸው ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

«አላውቅም፣ እማማ። ገና አላውቅም» አለች። «ግን ነገም እመጣለሁ።»