ምኑ ነሽ?

ኖሪን ሄነሲ ኢዋንን ያወቀችው በሌክስ ኢንትራንስ ወደብ፣ አባቷ ዴስ ያጠመደውን ዓሣ ስትሸጥ ነው። ከአየር ኃይሉ ሰፈር የመጣው ቀይ ፀጉራም ወጣት ተራውን ይጠብቅ ነበር። የታሰረችው የነኖሪን ጀልባ ስትወዛወዝ ገና ከማየቱ ፊቱ ገረጣ።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለችው።

«የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሬዲዮ ሠራተኛ ነኝ።»

«ሰማይ ላይ እየበረርክ ጀልባ ያጥወለውልሃል?»

«በናትሽ ለጓዶቼ እንዳትነግሪብኝ! መሳቂያ ነው የሚያደርጉኝ።»

በማግስቱም መጣ፤ በሳምንቱም። ዓሣ ጨርሶ እንደማይወድ የነገራት ብዙ ከገዛ በኋላ ነው።

ዴስን ግን ኢዋን ደስ አላሰኘውም። እነሱ ካቶሊክ ናቸው፤ ኢዋን ፕሮቴስታንት። ኢዋን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቤታቸው ሲመጣ ተቀመጥ እንኳ አላለውም።

«አቶ ሄነሲ፣ ኖሪንን ከልቤ ነው የምወዳት። እርስዎ ቢፈቅዱልን...»

«ልጄ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ገብታ አታገባም። ጦርነቱ ይለቅና ያኔ እንነጋገራለን።»

«ጦርነቱ ሲያልቅ ምን ይለወጣል?»

«አንተ ወደ አገርህ ወደ ታዝማኒያ ትሄዳለህ።»

ኖሪን እስከ አጥሩ ሸኘችው። ሁለቱም ተናደዋል።

«እስኪሰለቸው ድረስ እመላለሳለሁ» አላት።

«አታውቀውም፤ እሱ አይሰለቸውም።»

«እኔስ የሚሰለቸኝ እመስልሻለሁ?»

አየችው። መሳቅም ማልቀስም አቃታት።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ወታደር ወደቡ ላይ ደርሶ ዓሣ አጥማጆቹን በፍለጋ እንዲረዱ ለመነ። ለልምምድ የወጣ አውሮፕላን ከባሕር አልተመለሰም፤ አራት ወጣቶች ነበሩበት።

«እነማን ናቸው?» አለች ኖሪን።

«ስም መናገር አልተፈቀደልኝም።»

«ቀይ ፀጉሩስ?»

ወታደሩ አቀረቀረ።

ዴስ «አንቺ እዚህ ቆዪ» ሲል እሷ የጀልባዋን ገመድ ፈትታ ጨርሳለች። ነዳጃቸው እስኪያልቅ ፈለጉ፤ ቀድተው እንደገና ወጡ። አንዴ ማዕበሉ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አይታ በጩኸት አባቷን ጀልባዋን አስዞረችው። ሲጠጉ የእንጨት ሳጥን ነው።

«የራሳችን የዓሣ ሳጥን ነው» አለ ዴስ ቀስ ብሎ።

ፍለጋው ሲቆም አባቷን ይዛ ወደ አየር ኃይሉ ሰፈር ሄደች። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ከላይ እስከ ታች አያት።

«ምኑ ነሽ?»

አፏን ከፈተች። ሚስቱ አይደለችም። ቀለበት የላትም።

«እኔ... እኛ ልንጋባ...»

«ይቅርታ እህቴ፤ ለቤተሰብ ብቻ ነው የሚነገረው።»

ዴስ ከመኪናው ወርዶ መጣ። «ኢዋን አማቼ ነው። ልጄ ሚስቱ ናት» አለ።

ኖሪን ዞር ብላ አፈጠጠችበት።

አስገቧቸው። እንቅልፍ ያጣ መኮንን ተቀበላቸው። የኢዋን ድምፅ በሬዲዮ መጥቶ ነበር፤ ንግግሩን ሳይጨርስ ተቋረጠ። አየሩ ጥሩ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚታወቅ ነገር የለም።

«ምንም?»

«ምንም። ስብርባሪ እንኳ አላገኘንም።»

«ታዲያ በር ላይ ያቆማችሁኝ ይህንን ‹ምንም› ልትደብቁኝ ነው?»

መኮንኑ ተነስቶ በሩን ከፈተላቸው።

መኪናው ውስጥ ዴስ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል እጇን መሪው ላይ ጣለች።

«ለማታውቀው ዘበኛ አማቼ ነው ለማለት አፍታ አልፈጀብህም። እሱ ፊትህ ቆሞ ሲለምንህ ግን...»

«ኖሪን...»

«አሁን ምን ያደርግልኛል? አባዬ፣ ንገረኝ እንጂ! አሁን ምን ያደርግልኛል?»

ዴስ አንገቱን ደፋ።

እሑድ ለአራቱ ወጣቶች በፕሮቴስታንቶቹ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ተደረገ። ኖሪን የሟች ቤተሰብ በሚቀመጥበት በፊተኛው ወንበር ብቻዋን ተቀምጣለች። መዝሙሩ ሲጀመር የኋላው በር ተከፈተ። እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም ሲል የኖረው ዴስ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እስከ ፊት ድረስ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

ኖሪን ቀና ብላ አላየችውም። ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት፤ እጁን ሲዘረጋላት ግን አልያዘችውም።